እንጅባራ በምን ትታወቃለች?



ውድ አንባብያን፣ ከሩቅ አገር የተመለሰ መንገደኛ ቤቱ ገብቶ ገና አቧራውን ሳያራግፍ ልጆቹ ከሚያቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «አባዬ፣ ያ አገር በምን ይታወቃል?» የሚለው ነው። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ቢመስልም ቀላል አይደለም። ሐረር በጀጎል ግንቧ፣ ጅማ በቡናዋ፣ ጎንደር በነገሥታቱ ግንብ ትታወቃለች ብለን ስንመልስ፣ ስለ ሕዝቡ የእጅ ሥራ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ኑሮው እየተናገርን ነው። ከዚህም አልፎ አንድ ቁም ነገር አለ። አገር የሚታወቅበት ነገር እንደ ተራራ ጸንቶ የሚኖር ሳይሆን፣ የሚይዘው ሲያጣ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ነገር መሆኑ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን በሰሜን እንግሊዝ የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። ኒውካስል ለብዙ ዘመን የምትታወቀው በድንጋይ ከሰል ነበር። ሸፊልድ በቢላዋና በብረት ነበር የምትታወቀው፤ የማይዝገውን ብረት ሐሪ ብሬርሊ የተባለ የከተማዋ ባለሙያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ብራድፎርድ ደግሞ በሱፍ ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከፓኪስታን የመጡ ብዙ ሙስሊሞች በእነዚሁ የሱፍ ፋብሪካዎች ለመሥራት ወደ ብራድፎርድ ሄደው ሰፈሩ፤ ዛሬም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ይኖራሉ። ይሁንና ጊዜ ተለወጠ። የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓዶች ተዘጉ፤ የሱፍ ፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ። ስሙ ቀረ፤ እንጀራው ግን ሄደ። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ጎዳና የሚታየው የከሰል ቆፋሪ ሳይሆን መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ነው።

እኛስ? በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ስሟም በአንድ ነገር የገነነ ከተማ አለች። እርሷም የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው እንጅባራ ናት። በዚህ ጽሑፋችን እንጅባራና ዙሪያዋ በምን እንደሚታወቁ፣ ያ የሚታወቁበት ነገር በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ለእኛም ለሙስሊም ቤተሰቦች ምን ትምህርት እንደሚሰጠን እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ሰባቱ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ 450 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ እንጅባራን ያገኛታል። ከዚያ ባሕር ዳር ለመድረስ የሚቀረው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷ ይሰማል፤ ዝናቧም ብዙ ነው። የቀድሞ ስሟ ኮሶ በር ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚጠሯት አሁንም አሉ። ዙሪያዋ በቀርቀሃ የተሸፈነ ስለሆነ አጥሩ፣ ወንበሩ፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ ሳይቀር ከቀርቀሃ ይሠራል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ሲሆን፣ በጥልቀቱም የታወቀ ነው።

የአካባቢው ሕዝብ አገው ነው። ቋንቋው አውኚ ይባላል፤ ከኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በአዊ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይማሩበታል። ሕዝቡ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል። በአባቶች ትውፊት መሠረት ከላስታ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች በአካባቢው ሰፍረው አገሩን ተካፈሉት። ስማቸውም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ቋኩራ፣ ጫራና መተከል ይባላል።

ከነዚህ ሰባት ስሞች መካከል አዘና ለጽሑፋችን ልዩ ትርጉም አላት። አዘና ከዋናው አውራ ጎዳና ገባ ብላ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። በካርታ ላይ ስሟን የሚፈልግ ሰው ትንሽ ነጥብ ነው የሚያገኘው። ለአገው ሰው ግን አዘና ማለት ከተማ ብቻ ሳትሆን ከሰባቱ ቤቶች አንዷ ናት። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ቦታ ክብር በሕንጻው ቁመትና በሕዝቡ ብዛት ብቻ አይለካም።

እንግሊዞችም ይህን አገር ያውቁት ነበር። ሮበርት ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት በዳንግላ ተቀምጦ ሠርቷል። በበቅሎና በእግር እየዞረም የጣናንና የዓባይን አካባቢ በካርታ ላይ አስፍሯል። እንግዲህ ከለንደን ለመጣ መልእክተኛ እንኳ በዚያ ዘመን ይህን አገር ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ የጋማ ከብት ጀርባ ወይም የገዛ እግሩ ብቻ ነበር።

ፈረስ

እንጅባራ በምን ትታወቃለች ተብሎ ለሚቀርበው ጥያቄ የአብዛኛው ሰው መልስ አንድ ቃል ነው፤ በፈረስ።

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል መሬት የሚታረሰው በበሬ ነው። በአዊ ደጋ ግን ፈረስ ይጠመዳል፤ ማረሻም ይስባል። ፈረስ እህል ይጭናል፤ ገበያ ያደርሳል፤ የታመመ ሰው ይወስዳል። ሠርግ ሲሆን ሙሽራው በፈረሰኞች ይታጀባል። ሐዘን ሲሆን ደግሞ ፈረሰኞች ተሰልፈው የሟቹን ቤተሰብ ያስተዛዝናሉ። በአጭሩ ፈረሱ የገበሬው የእርሻ መሣሪያ፣ መጓጓዣና የደስታና የሐዘን ተካፋይ ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ እንበል። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ገና ከአገራችን ያልወጣበት ጊዜ ነበር። ማኅበሩ የተመሠረተው አባቶች በ1888ቱ የዐድዋ ጦርነትና በኋላም በአርበኝነቱ ዘመን ከፈረሶቻቸው ጋር የከፈሉትን ዋጋ ለማስታወስ ነው። አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራሉ። በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱ ታስቧል። ቀኑ ለክርስቲያን ወገኖቻችን የጊዮርጊስ ዕለት ነው። የፈረሱ ትርዒት ግን የሁሉም የአገሬው ሰው ትዝታ ያለበት ስለሆነ ከየአቅጣጫው ብዙ ተመልካች ይስባል። ፈረሶቹ በየቀለሙ በተጠለፈ ግላስ፣ በኮርቻና በመጣብር አጊጠው ይቀርባሉ። ጉግስ አለ፤ ግልቢያ አለ፤ ሶምሶማ አለ።

ይሁንና ማኅበሩ የትርዒት ማኅበር ብቻ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃል፤ አባል ሲሞት ይቀብራል፤ የተቸገረውን ይደግፋል። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ፈረስ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ኃላፊነትም ይዞ ይገባል። እኛ በየሰፈራችን ዕድርና ጀመዓ የምንለውን ሥራ እነርሱ በፈረስ ጀርባ ላይ ሆነው ይሠሩታል ማለት ይቻላል።

በአገራችን አነጋገር «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ትርጉሙ ጥልቅ ነው። ፈረሱ ከጦሩ ሜዳ ያደርስሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ ድርሻ ነው። አንድ ከተማ የሚታወቅበት ስምም እንዲሁ ነው። ስሙ እስከ በሩ ያደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ግን የሰው ሥራ ነው።

ፈረስ በእኛ ዘንድ

ለሙስሊም አንባቢ ፈረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቁርኣን ምዕራፎች መካከል 100ኛው፣ ሱረቱል ዓዲያት፣ ስሙን ያገኘው ከሚሮጡ ፈረሶች ነው። ሱረቱ ነሕልም ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ከለገሳቸው ጸጋዎች መካከል ያነሳቸዋል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና የፈረስ እሽቅድድም ያካሂዱ እንደነበር በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል።

ታዲያ ይህ ከእኛ የሚጠይቀው ነገር አለ። እንስሳ አማና ነው። የሚጭነው መናገር አይችልም፤ የሚራበው አቤት አይልም። በጀርባው ላይ ገጣባ ያለበት ፈረስ ኮርቻ ተጭኖበት ሲሄድ ያየ ሰው፣ ባለቤቱ የትኛውም ሃይማኖት ቢኖረው፣ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባውም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በፈረስ ብዛት ቀዳሚ አገር ናት። በብዛት ቀዳሚ መሆናችን ግን በአያያዝም ቀዳሚ አድርጎናል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የጀርባ ቁስሎች የሚመጡት ከማይመች ኮርቻ፣ ከቀጭን ገመድና ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነት ነው። ኮርቻው ሥር ወፈር ያለ ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ጭነቱን በሁለቱም ጎን ማመጣጠን፣ ቁስል ያለበትን እስኪድን ማሳረፍ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አጅር ግን ያለው ሥራ ነው።

ሌላው ስም፦ ከሰል

ውድ አንባብያን፣ የአዊ ስም ዛሬ ከፈረስ ሌላም በአንድ ነገር ይነሳል። በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች ቡና የሚፈላበት ከሰል ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን እናውቃለን? ከፊሉ የሚመጣው ከእንጅባራ ጎን ከምትገኘው ከፋግታ ለኮማ ወረዳና ከአካባቢዋ ነው። ኒውካስል በድንጋይ ከሰል እንደታወቀች ሁሉ እነዚህም ወረዳዎች በእንጨት ከሰል ይታወቃሉ።

የዚህ ከሰል ታሪክ ግን በሌላ ቦታ እንደምናውቀው የደን ጭፍጨፋ አይደለም። ገበሬው ዛፉን የሚያገኘው ከዱር ሳይሆን ራሱ ተክሎ ነው። ዛፉ ዲከረንስ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ከግራር ወገን ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙንና ጤፉን በአንድ ማሳ ላይ ያበቅላል። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ዛፉ ከፍ እያለ ሲሄድ በሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብትና ለፈረስ መኖ ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ በአፈር በተሸፈነ ክምር ውስጥ ከሰል ይሆናል። ከዚያም መሬቱ እንደገና ይታረሳል፤ ጤፍና ችግኝ አብረው ይመለሳሉ። ዛፉ ናይትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር ለአፈሩ ስለሚሰጥ፣ በአሲድነት የተጎዳው መሬት ያገግማል። በዚህ ምክንያት በፋግታ ለኮማ የዛፍ ሽፋን መጨመሩን ከሳተላይት የተነሱ ምስሎች አሳይተዋል። ከሰል እየተሸጠ ዛፍ የሚበዛበት አገር ብርቅ ነው።

ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ተለውጧል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፤ ልጆች ከተማ ተልከው ተማሩ፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶችም በቆረጣው፣ በማክሰሉና በጭነቱ የቀን ሥራ አገኙ።

ነገር ግን በአንድ እግር የቆመ ጎጆ ነፋስ ይፈራል። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የዛፉን ቅጠልና ቀንበጥ የሚያጠቃ የዋግ በሽታ በአዊ ዲከረንስ ላይ ተከሰተ። በፈንገስ የሚመጣ ስለሆነ በነፋስ ይዛመታል። አንድ ዓይነት ዛፍ ጎን ለጎን በተተከለበት አገር ደግሞ የሚያቆመው አጥር የለም። ገና ያልደረሰ ዛፍ ደረቀ፤ ለአምስት ዓመት ተስፋ የተጣለበት ማሳ ባዶውን ቀረ። ኒውካስልና ብራድፎርድ በብዙ አሥርት ዓመታት የተማሩትን ትምህርት የአዊ ገበሬ በጥቂት ክረምቶች ተማረው።

ሦስተኛው ስም፦ ዩኒቨርሲቲ

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚመደቡ ወጣቶች ወደዚህች ብርዳም ከተማ ይመጣሉ፤ ከነርሱም መካከል የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች አሉ። ልጃቸው በዚያ የተመደበላቸው ወላጆች ሁለት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። አንደኛው፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ማስያዝ ነው፤ የደጋው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሁለተኛው፣ ልጁ የሚሄድበትን ሕዝብ ታሪክ አስቀድሞ ማስተማር ነው። ሰባቱን ቤት የሚያውቅ፣ በአውኚ ሰላምታ ለመስጠት የሚሞክር ተማሪ ከእንግድነት ወደ ጎረቤትነት ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ተማሪዎችንና መንገደኞችን ያንገላታ ስለሆነ፣ ጉዞ ከመጀመር በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲውስ ለአገሩ ምን ሊያደርግ ይችላል? የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የከተማዋን የብረት ሥራ ከሚማሩበትና ከሚመራመሩበት ነገር አንዱ አድርጎታል። እንጅባራም ሁለት ጥያቄዎች ደጃፏ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። የዋጉን በሽታ የሚቋቋም ወይም ዲከረንስን የሚተካ ዛፍ የትኛው ነው? የአዊን ፈረስ ዘር እንዴት እንጠብቅ፣ እንዴትስ እናክም? እነዚህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማሳውም ፈረሱም ከግቢው አጥር ማዶ ነው።

ምን እንማር?

ውድ ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጥር 23 በዓመት አንድ ቀን ናት። ፈረሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል፤ ሲታመም ሐኪም ይፈልጋል። በዚያች አንድ ቀን የሚያጨበጭበው ብዙ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሣር የሚያጭደው ግን አንድ ገበሬ ወይም አንድ ልጅ ነው። የግጦሽ መሬት እየጠበበ፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ገጠር ድረስ እየገባ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ እየፈለሰ ባለበት በዚህ ዘመን ያ ልጅ ሥራውን ቢተው፣ በዓሉ በፎቶግራፍ ብቻ ይቀራል። እንጅባራም ነበረች በሚባል ነገር የምትታወቅ ከተማ ትሆናለች።

ስለዚህ ፈረስ ለባለቤቱ ጥቅም የሚሰጥበት መንገድ መፈለግ አለበት። እርሻው፣ ጭነቱ፣ ጎብኚ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚወሰድበት ጉዞ፣ የኮርቻና የግላስ ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ እንጀራ የሚሆኑ ሙያዎች ናቸው። ክብር ብቻውን ፈረስ አይቀልብም። እንጀራ ብቻውንም አገር አያስጠራም፤ ከሰሉን ሸጦ ቤቱን የሠራ ሰው ጥር 23 ሲደርስ በፈረሱ ላይ እንጂ በከሰል ጆንያ ላይ ተቀምጦ አይታይም።

ይህ ነገር ለአዊ ብቻ የሚነገር አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚታወቅበት ነገር አለው። አንዱ ቤት በእንግዳ ተቀባይነቱ፣ አንዱ በሽመናው፣ አንዱ በንግዱ ታማኝነት፣ አንዱ ደግሞ ልጆቹን ቁርኣን በማስቀራቱ ይታወቃል። ያን ስም ያገኙልን አያቶቻችን ናቸው። እኛ ስሙን ብቻ ወርሰን ሥራውን ከተውነው፣ ልጆቻችን የሚወርሱት ወሬውን ብቻ ይሆናል። ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ «የእኛ ቤት በምን ይታወቃል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ባለፈ ጊዜ ግሥ ከመጣ፣ «ነበር» የሚለውን ወደ «ነው» ለመመለስ ምን እንደሚያስፈልግ አብራችሁ ተነጋገሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላምን፣ ለገበሬው በረካን፣ ለወጣቶቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።